ምዕራፍ አምስት፦ ጭና በየትኛው መሳቢያ ይገባል?

ከጎንደር ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው አምባ ጊዮርጊስን ካለፈ በኋላ፣ 75ኛው ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ዳባት ትቀበለዋለች። ሃያ አምስት ያህል ኪሎ ሜትር ቢጨምር ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ ወዲያ ደጋው ድንገት ይቆረጥና የሊማሊሞ ቁልቁለት ይጀምራል። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ገብሱ ግን ያምራል። ጭና ተክለ ሃይማኖት በዚሁ በዳባት ወረዳ ያለች የገበሬ ቀበሌ ናት። ከነሐሴ 25 እስከ 29 ቀን 2013፣ ሰው ለዘመን መለወጫ ሊዘጋጅ በሚገባው ሳምንት፣ የሕወሓት ታጣቂዎች እዚያ ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ።

ስንት ሰው?

የአካባቢው ባለሥልጣናት በጳጉሜን ለዜና ወኪሎች የሰጡት ቁጥር 120 ገደማ ነበር፤ ኋላ ከፍ እያለ ሄደ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ከሦስት ወር በኋላ ባወጣው ሪፖርት ጭና ውስጥ የተረሸኑ 26 ሰዎች ብሎ ጻፈ። ሕወሓት ደግሞ ክሱ ፈጠራ ነው አለ፤ በእሱ ሒሳብ ዜሮ መሆኑ ነው።

ይህን ያየ አንባቢ መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ «አንዱ ይዋሻል» የሚል ነው። ማስተባበያውን እንተወውና ሁለቱን ቁጥሮች እንያቸው። 120 እና 26 የግድ አይጣሉም። የወረዳው ሰው የጠየቀው «በእነዚያ ቀናት ስንት ሰው ቀበርን?» ብሎ ነው። የሂዩማን ራይትስ ዎች ጥያቄ ጠበብ ያለ ነበር፦ ተይዞ፣ እጁ ላይ ምንም ሳይኖር፣ ሆን ተብሎ የተረሸነና ምስክር የቆመለት ስንት ነው? ሪፖርቱ ራሱ እንደሚለው ታጣቂዎቹ በገበሬው ግቢ ውስጥ ሆነው ይተኩሱ ነበር፣ የመንግሥት መድፍም ወደዚያው ይመልስ ነበር። በዚያ መካከል የወደቀ ሰው ለወረዳው ሟች ነው፤ ለሁለተኛው ጠያቂ ግን ሌላ ዝርዝር ውስጥ የሚገባ ነው። ሬሳው አንድ፣ ጥያቄው ሁለት።

እዚህ ላይ ከአገራችን ልማድ የሚመጣ አንድ ጣጣ አለ፤ የውጭ የስታቲስቲክስ መጽሐፍ አያነሳውም። ካህን ፍትሐት የሚያደርሰው በክርስትና ስም ነው። ጎረቤት «ጌታቸው» የሚለውን ሰው ቤተ ክርስቲያኑ «ወልደ ገብርኤል» ብሎ ይሸኘዋል። አንዱ ዝርዝር ከቀበሌ፣ ሌላው ከቤተ ክርስቲያን ቢመጣና ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ባይቀመጥ፣ አንድ ሟች ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። በተቃራኒው ደግሞ ለዘመድ ጥየቃ መጥቶ የሞተ እንግዳ ከሁለቱም ዝርዝር ሊቀር ይችላል። ከዚህ ሁሉ የእድር መዝገብ ይሻላል ባይ ነኝ። እድር ሟችን የሚጽፈው ገንዘብ ስለሚያወጣበት ነው፤ ገንዘብ ያለበት መዝገብ ደግሞ እንደዋዛ አይሳሳትም።

ቁጥሩን ላቆየው። ወደዚህ ምዕራፍ ዋና ጥያቄ የሚያስገባን ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በየዓመቱ ስለ ዓለም አቀፍ ሽብር ሪፖርት ያወጣል። ሕጉ ሚኒስቴሩን እስከ ኤፕሪል 30 ድረስ ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል፤ በዓለም ላይ ብዙ መንግሥታት፣ ጋዜጦችና የኢንሹራንስ ድርጅቶች «ሽብር ጨመረ፣ ቀነሰ» ሲሉ የኖሩት ይህን እያዩ ነው። ታዲያ ጭና የተፈጸመው ነገር በእንዲህ ያለ ሪፖርት ውስጥ የት ይገባል?

የአሜሪካው ሕግ ብያኔ አጭር ነው። ሽብር ማለት አስቀድሞ የታሰበበት፣ ፖለቲካዊ ምክንያት ያለው፣ ተዋጊ ባልሆኑ ሰዎች ላይ፣ ከመንግሥት በታች ባሉ ቡድኖች ወይም በስውር ወኪሎች የሚፈጸም የኃይል ጥቃት ነው። «ዓለም አቀፍ» የሚለው ቅጽል የሚጨመርበት ደግሞ ከአንድ በላይ አገር ዜጎችን ወይም ግዛትን ሲነካ ነው። ገበሬው ኢትዮጵያዊ፣ ገዳዩ ኢትዮጵያዊ፣ መሬቱ ኢትዮጵያ ከሆነ ከዚህ መሳቢያ ውጭ ነው። የሟች ቁጥር 26 ይሁን 120 ለውጥ የለውም። 1,000 ቢሆንም ያው ነበር።

ይህ ብያኔ ምን እንደሚያስገባና ምን እንደሚያስወጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1968 ያው ሕወሓት፣ ያን ጊዜ ገና የዓመት ልጅ ሳለ፣ ትግራይ ውስጥ አንድ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር አግቶ ስምንት ወር ያህል አቆያቸው። አራት ሰው ነው፤ ማንም አልሞተም። በብያኔው መሠረት ግን ዓለም አቀፍ ሽብር ነው። በሚያዝያ 1999 ኦጋዴን ውስጥ አቦሌ የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ ላይ ኦብነግ በከፈተው ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገደሉ። ጥቃቱን ወደ ዓለም አቀፉ መሳቢያ ያስገቡት ዘጠኙ ናቸው፤ ስልሳ አምስቱ እነሱን ተከትለው ገቡ። በጥር 2004 ኤርታሌ ላይ አምስት አውሮፓውያን ጎብኚዎች ሲገደሉ የዓለም ዜና ሆነ፤ በአፋር ቆላ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያለፉ ብዙ ሞቶች ግን ከወረዳ አልወጡም።

ዳባት ራሷ ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከማይ ዓይኒና ከዓዲ ሓሩሽ ካምፖች የወጡ ኤርትራውያን ስደተኞች በወረዳው ውስጥ በተቋቋመው የዓለም ዋጭ መጠለያ ሰፍረዋል። እንበልና ታጣቂ ወደ አንድ መንደር ገብቶ አሥር ሰው ቢገድል፣ ከአሥሩ አንዱ ገበያ የወጣ ስደተኛ ቢሆን፣ ክስተቱ «ከአንድ በላይ አገር ዜጎችን» ነክቷል። አንዲት የስደተኛ መታወቂያ አሥሩንም ሟቾች ከአንዱ መሳቢያ ወደ ሌላው ታሻግራለች።

ስለ ብያኔው አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። «ሽብር» የሚለውን ቃል ለዚህ አገር ሰው ያስተማረው ደርግ ነው። ቀይ ሽብር በአዋጅ የታወጀ፣ በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ማኅተም የተፈጸመ ነበር። ጎንደር ውስጥ የደርጉን ሹም የመላኩ ተፈራን ዘመን ያዩ እናቶች ቃሉን ከመዝገበ ቃላት አልተማሩትም። የሟቾቹ ግምት ከአሥር ሺዎች እስከ ግማሽ ሚሊዮን ይዘረጋል። ሆኖም «ከመንግሥት በታች ባሉ ቡድኖች» የሚለው ሐረግ ሁሉንም ከሠንጠረዡ ያስወጣቸዋል፤ ገዳዩ መንግሥት ነዋ። በስሙ ሽብር ተብሎ የተጠራ ነገር በሽብር ስታቲስቲክስ ውስጥ ቦታ የለውም። ይህን ያነሳሁት ብያኔውን ለማጣጣል አይደለም፤ መንግሥታት የሚገድሉትን የሚቆጥሩ ሌሎች ሠንጠረዦች አሉ። ግን የሽብር ቁጥር ዝቅ ያለበት አገር ሰላም ያለበት አገር ነው ብሎ የሚያነብ ሰው የ1970ን ጎንደር ሰላማዊ ከተማ አድርጎ ሊያየው ነው።

አሁን ወደ ዋሽንግተን እንሂድ፤ የሽብር ቆጠራ ሙያ ትልቁ ውርደት የተፈጸመው እዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ኤፕሪል መጨረሻ ሚኒስቴሩ የ2003ን ሪፖርት አወጣ። 190 ጥቃት፤ ከ1969 ወዲህ ዝቅተኛው ቁጥር። 307 ሟች፣ 1,593 ቁስለኛ። ምክትል ሚኒስትሩ ሪቻርድ አርሚቴጅ ሪፖርቱን ሲያስተዋውቁ ትግሉን እያሸነፍን ለመሆናችን ማስረጃ ነው የሚል መንፈስ ነበራቸው። የምርጫ ዓመት ነበር።

ሁለት መምህራን ግን ሪፖርቱን እንደ መምህር አነበቡት፤ ማለትም ከኋላው ጀመሩ። አንዱ የፕሪንስተኑ የኢኮኖሚ ባለሙያ አላን ክሩገር፣ ሌላው የስታንፎርዱ የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ ዴቪድ ሌይቲን ነበሩ። ሌይቲን በእኛ አካባቢ የሚታወቅ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ስለ ሶማሌኛና ስለ ሶማሊያ ፖለቲካ መጽሐፍ ጽፏል። በሪፖርቱ ጀርባ «ጉልህ» የተባሉ ጥቃቶች በቀን ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። ሁለቱ ሰዎች ጣታቸውን እያወረዱ ሲያነቡ ዝርዝሩ ኖቬምበር 11 ላይ ቆመ። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 1 ቀን 1996 መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲያ ባዶ።

እንደሚታወሰው በዚያው ኅዳር 5 እና 10 ቀን ኢስታንቡል ውስጥ በምኩራቦች፣ በአንድ ባንክና በብሪታንያ ቆንስላ ላይ በደረሱ ፍንዳታዎች ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች አልቀዋል። የዓመቱ ከባድ ጥቃቶች ከዓመቱ ሪፖርት ውጭ ቀርተዋል ማለት ነው። ገበሬ ምርቱን ሳይሰበስብ ኅዳር ላይ ጎተራውን ዘግቶ «ዘንድሮ ምርት ቀንሷል» ቢል ማን ያምነዋል?

ሁለተኛው ግኝታቸው ረቀቅ ይላል። አጠቃላይ ቁጥሩን ያወረደው «ጉልህ ያልሆኑ» የተባሉት ጥቃቶች መቀነስ ነበር። እነዚህ ደግሞ በሪፖርቱ ውስጥ ስማቸውም ቀናቸውም አልተዘረዘረም፤ ማንም ሊያጣራቸው አይችልም። ሊጣሩ የሚችሉት ጉልህ ጥቃቶች ግን ከ2001 እስከ 2003 ባለው ጊዜ ከ124 ወደ 169 ጨምረዋል። የሚታየው ጨመረ፣ የማይታየው ቀነሰ፣ ድምሩ የምሥራች ሆነ። ክሩገርና ሌይቲን ይህን በሜይ ወር በዋሽንግተን ፖስት ጻፉ፤ የምክር ቤት አባሉ ሄንሪ ዋክስማን ለሚኒስትሩ ለኮሊን ፓወል ደብዳቤ ላኩ። በጁን 22 ሚኒስቴሩ የታረመውን አወጣ፦ 208 ጥቃት፣ 625 ሟች፣ 3,646 ቁስለኛ።

ቁጥሮቹን አስተያዩአቸው። ጥቃቱ የጨመረው በ18 ብቻ ነው፤ ሟቹ ግን ከእጥፍ አለፈ። የጥቃት ብዛትን ብቻ የሚያይ ሰው «ትንሽ ስሕተት ነበር» ብሎ ያልፈው ነበር። ፓወል ነገሩ የአሠራር ጉድለት እንጂ ሆን ተብሎ የተደረገ አይደለም አሉ። እኔም አምናቸዋለሁ፤ ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ያምናቸዋል። ግን ቁጥሩ ወደ ላይ የተሳሳተ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው ከመታተሙ በፊት «ቆይ፣ ደግመህ እየው» አይልም ነበር? ደስ የሚያሰኝ ስሕተት አራሚ አያገኝም።

በቀጣዩ ዓመት የሆነው ደግሞ ለብያኔ ጉዳይ ማረጋገጫ ነው። የቆጠራው ሥራ ለብሔራዊ የፀረ ሽብር ማዕከል ተላለፈ፤ ሚኒስቴሩ የቆየውን ሪፖርት አቁሞ ቁጥር የሌለበት ሌላ ሪፖርት ጀመረ። ማዕከሉ ለ2004 ያወጣው ቁጥር 651 ጉልህ ጥቃትና 1,907 ሟች ነበር። ብዙም ሳይቆይ «ዓለም አቀፍ» የሚለው ማጥለያ ጠባብ ነው፣ በአገር ውስጥ ብቻ የተፈጸመውም ይቆጠር ተባለ። የዚያው የ2004 ቁጥር 3,192 ሆነ። በ2005 ደግሞ ከ11,000 በላይ። በ2003 በ208 እና በ2005 በ11,000 መካከል መስመር ቢሰመር ዓለም በሁለት ዓመት ሃምሳ እጥፍ ነደደች ያሰኛል። ኢራቅ በእርግጥ እየነደደች ነበር። መስመሩ ግን ከእሳቱ ይልቅ ስለ ማጥለያው ብዙ ይናገራል፤ ጭናን የመሰሉ መንደሮች ወደ ሠንጠረዡ ሊገቡ የቻሉት ያ ማጥለያ ከተቀየረ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሚኒስቴሩ ለዓመታት የተመረኮዘው በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የመረጃ ቋት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ከ200,000 በላይ ክስተቶች የያዘ፣ በዘርፉ ከሁሉ የሚበልጥ ክምችት ነው። አጀማመሩ ደስ ይላል፦ መሠረቱ ፒንከርተን የተባለ የግል የጥበቃና የምርመራ ድርጅት ለደንበኞቹ በካርድ ይመዘግበው የነበረ መረጃ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሲረከበው የእ.ኤ.አ. 1993 ካርዶች የሉም፤ ቢሮ ሲቀየር ጠፍተዋል። በኒው ዮርክ የዓለም ንግድ ማዕከል መጀመሪያ የተመታበት፣ ኤርትራ በሕዝበ ውሳኔ የተገነጠለችበት ዓመት በመረጃ ቋቱ ግራፍ ላይ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ሆኖ ይታያል። ክፍተቱን በግምት አለመሙላታቸው በእኔ ዘንድ ያስመሰግናቸዋል።

ይህ ቋት ፓስፖርት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ድርጊቱ ሆን ተብሎ መፈጸሙን፣ ፈጻሚው መንግሥት አለመሆኑን፣ ከዚያም ከሦስት ነገሮች ቢያንስ ሁለቱን ነው፦ ዓላማ እንዳለው፣ ሌላውን ለማስፈራራት መሆኑን፣ ከተፈቀደ የጦርነት ሥራ ውጭ መሆኑን። ከሁሉ የምወደው አንድ ዓምድ አለው፦ መዝጋቢው «ይህ በእርግጥ ሽብር ነው ወይስ የሽምቅ ውጊያ፣ ወይስ ተራ ወንጀል?» ብሎ ከተጠራጠረ ጥርጣሬውን የሚጽፍበት። ጭና ወዲህም ወዲያም የሚጎትት ጉዳይ ነው። በጦርነት መካከል ነው፤ ሰላማዊ ገበሬን መረሸን ግን በየትኛውም የጦርነት ሕግ አይፈቀድም።

ሆኖም ቋቱ ሁለት ነገር ያጎድላል። መጀመሪያ፣ ምንጩ የዜና ዘገባ ነው። ጋዜጠኛ ያልደረሰበት፣ ስልክ የተቆረጠበት ወረዳ ውስጥ የሆነ ነገር አልሆነም። ጭና የታወቀችው ታጣቂዎቹ ሲወጡ መንገዱ ተከፍቶ ጋዜጠኞች ስለገቡ ነው። በአማራ ክልል በሐምሌ 2015 መጨረሻ ከታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። በዚያ ጊዜ ከክልሉ የወጣን ማንኛውንም የክስተት ቁጥር ስናነብ፣ ቁጥሩ የጥቃቱን ብዛት ያህል የኔትወርኩንም ሁኔታ እንደሚለካ መዘንጋት የለብንም። ሁለተኛ፣ ዓምዶቹ መገደልን፣ መቁሰልን፣ መታገትንና የንብረት ጉዳትን ይይዛሉ። አምነስቲ በየካቲት 2014 ከጭናና ከቆቦ የተደፈሩ ሴቶችን ቃል አሳትሟል፤ ለእነሱ የሚሆን ዓምድ የለም።

የራሳችን መንግሥት መሳቢያ ሌላ ዓይነት ነው፤ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በምክር ቤት ድምፅ ነው። ምክር ቤቱ በእኛ አቆጣጠር በ2003 አምስት ድርጅቶችን አሸባሪ አለ። ሦስቱን፣ ኦነግን፣ ኦብነግንና ግንቦት 7ን፣ ሰኔ 28 ቀን 2010 ሰረዘ። ሕወሓትንና ሸኔን ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ጨመረ። ሕወሓትን ደግሞ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ መጋቢት 13 ቀን 2015 አወጣ። አሜሪካ በበኩሏ ሕወሓትን በዚያ ጦርነት ጊዜ በውጭ አሸባሪ ድርጅቶች ዝርዝሯ ውስጥ አላስገባችም። ስለዚህ የጭና ግድያ አዲስ አበባ ላይ በሕግ አሸባሪ የተባለ ድርጅት ሥራ ነበር፤ ዋሽንግተን ላይ አልነበረም። ዛሬ አዲስ አበባ ላይም ድርጅቱ ያ ስም የለውም። ከመንግሥት መግለጫ የምንሰማው ቁጥርም ብዙውን ጊዜ የተያዙ ተጠርጣሪዎችና የከሸፉ ሙከራዎች ብዛት ነው። እሱ የፖሊስን ትጋት ይለካ ይሆናል እንጂ የጥቃትን መጠን አይለካም። ከእሱ አዝማሚያ ለማውጣት መሞከር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

እነዚህ ሠንጠረዦች ደባርቅ ሲደርሱ ቀለም ይሆናሉ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያ ደባርቅ ነው፤ ጎብኚ እዚያ ተመዝግቦ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ቀጥሮ፣ ጓዙን በበቅሎ ጭኖ ይወጣል። አውሮፓዊው ግን ገና ቤቱ ሳለ የመንግሥቱን የጉዞ ማሳሰቢያ ካርታ ያያል። አካባቢው ቀይ ከተቀባ የጉዞ ኢንሹራንሱ ላይሠራ ይችላል፤ ኢንሹራንስ ከሌለ አስጎብኚ ድርጅቱ አይልከውም። የደባርቅ አስጎብኚም ሆነ በቅሎ ጫኝ የዋሽንግተንን ሪፖርት አንብቦ አያውቅ ይሆናል፤ ካርታው ቢጫ ይሁን ቀይ ግን ከስልኩ ላይ ያውቀዋል። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. ከዓለም ቅርስ የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆኖ ሲመዘገብም አካባቢው የኢዲዩና የኢሕአፓ ጦርነት ቀጣና ነበር። ዋልያው በወረቀት ላይ የዓለም ሆነ፤ ሊያየው የሚመጣ ግን አልነበረም።

ዳባት ግን ለቆጠራ ሰዎች ሌላ ስም አላት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በወረዳው በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞረ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ይመዘግባል። መረጃ ሰብሳቢው የአካባቢው ልጅ ነው፤ ማን እንደወለደች፣ ማን ወደ ሁመራ እንደወረደ ያውቃል። ሰው ሲሞት ለቅሶው ጋብ ካለ በኋላ ወደ ቤቱ ይሄድና የቅርብ ዘመዱን በተዘጋጀ ቅጽ ይጠይቃል፦ ሳል ነበረው? ምን ያህል ቀን አተኮሰው? ቅጹን ሁለት ሐኪሞች ለየብቻ አንብበው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ፤ ካልተስማሙ ሦስተኛ ይጨመራል። የወረዳ ገበሬ ሞት የዋሽንግተኑ የ2003 ዝርዝር ያላገኘውን አራሚ እዚህ አግኝቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ያለው የቃል ምርመራ ባዘጋጀው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር ውስጥ «ሽብር» የሚል ምድብ የለም። አሜሪካኖች ከሴፕቴምበር 11 በኋላ ለራሳቸው የሞት መዝገብ ልዩ ኮድ አውጥተውለታል፤ ዳባት ላይ ያለው ግን «ጥቃት» የሚል ብቻ ነው። ሰብሳቢው መደብ ላይ ተቀምጦ፣ ቡና እየተፈላለት፣ ጉዳት ደርሶበት ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። አዎ ከተባለ፣ ሌላ ሰው ሆን ብሎ ያደረሰው ነው ወይ ይላል። አዎ። ምልክት ያደርጋል። ቅጹ የገዳዩን ድርጅት አይጠይቅም፤ የገዳዩን ዓላማ፣ ምክር ቤቱ በዚያ ወር ማንን ምን ብሎ እንደጠራ አይጠይቅም። ከሞቱ በፊት ሕክምና አግኝቶ ነበር ወይ ብሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።